ጓንዡ ላይ ዕቃ እስኪደርስ ስድስት ቀን ካላችሁ

ሜክሲኮ አካባቢ የመጋረጃ ሱቅ አለኝ። ጨርቅ ለማምጣት ጓንዡ ስመላለስ ዓመታት ሆነኝ። ከአውሮፕላን ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ካርጎ፣ ከዚያ ቦሌ። ቻይናን የማውቃት ይመስለኝ ነበር። የማውቀው ግን ሁለት ሰፈር ብቻ ነው፤ ሻዎቤይንና የዦንግዳን የጨርቅ ገበያ።

አንድ ጊዜ ያዘዝኩት ጨርቅ ቀለሙ ከሳምፕሉ ጋር አልገጥም አለና እንደገና ይነከር ተባለ። «ስድስት ቀን ጠብቂ» አሉኝ። ሆቴል ተቀምጬ ገንዘቤን ከምጨርስ ብዬ ባቡር ተሳፈርኩ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተራራ መሐል ነበርኩ። ከላይ እስከ ታች በእንጨት የተሠራ መንደር፣ መሐሉን የሚያቋርጥ ወንዝ፣ ደጃፋቸው ላይ ጨርቅ የሚደበድቡ ሴቶች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተመልሼ ሄጃለሁ።

በቀደም እንደኔው ጨርቅ የምታመጣ ጓደኛዬ ሱቅ መጥታ «እስቲ መንገዱን ከነዝርዝሩ ጻፊልኝ» አለችኝ። ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጀመርኩት፤ አልበቃኝም። ስለዚህ ለሁላችሁም ይሁን ብዬ እዚህ አሰፈርኩት።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። ብዙ ቦታ አትሩጡ። ቻይና ሰፊ አገር ናት። ስድስት ቀን ውስጥ አምስት ከተማ ከጨመራችሁ የምታዩት ባቡር ጣቢያ ነው። ሁለት መንደር ምረጡ። አንዱ ጋ ሦስት ሌሊት፣ ሌላው ጋ ሁለት ሌሊት እደሩ። እኔ የምመርጠው ጉይዡ ክፍለ ሀገር ያለውን ዣዎሺንግን እና ጓንግሺ ያሉትን የሎንግጂ የሩዝ እርከኖች ነው። ሁለቱም ከጓንዡ ወደ ጉይያንግ በሚሄደው ፈጣን ባቡር አቅጣጫ ላይ ናቸው። መስመሩ 857 ኪሎ ሜትር ነው። የተከፈተው በፈረንጆቹ 2014 መጨረሻ ላይ ነው። አብዛኛው መንገድ ዋሻና ድልድይ ነው፤ ከዋሻ ትወጣላችሁ፣ ሸለቆ ታያላችሁ፣ ወዲያው ደግሞ ጨለማ።

መቼ ይሻላል? የሩዙ እርከን ሁለት ጊዜ ያምራል። አንደኛው ውሃ ሲሞላ ነው፤ ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ መጀመሪያ። ያኔ ተራራው በሙሉ መስታወት ይመስላል። ሁለተኛው ሩዙ ሲበስል ነው፤ ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ከመስከረም 21 ጀምሮ ለአንድ ሳምንት የቻይና ብሔራዊ በዓል ነው። አገሩ በሙሉ ጉዞ ላይ ነው፤ ትኬትም አልጋም አይገኝም፤ ፋብሪካም ዝግ ነው። ለእኛ ለነጋዴዎች የምትሻለው ከዚያ ቀጥላ ያለችው ሳምንት ናት። መስቀልን ቤታችሁ አክብራችሁ፣ ከመስከረም 28 በኋላ ተራራ ላይ ሁኑ። የጓንዡ ትልቁ የንግድ ትርኢት የመኸር ዙር የሚጀምረው ጥቅምት 5 ገደማ ስለሆነ ከተራራው ወርዳችሁ በቀጥታ ወደ ሥራ ትገባላችሁ። አንዳንዱ ማሳ ያን ጊዜ ታጭዶ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ቢሆንም ገበሬው አጨዳ ላይ ሲሆን ማየት ራሱ ይበቃል።

ወረቀቱን በአጭሩ። በንግድ ቪዛም ሆነ በቱሪስት ቪዛ እነዚህ ቦታዎች መሄድ ይቻላል፤ የተለየ ፈቃድ አያስፈልግም። ልዩ ፈቃድ የሚጠይቀው ቲቤት ነው። ቢጫ ካርዳችሁን ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ላይ ያዙ።

ስልኩን ግን አዲስ አበባ ሳላችሁ ጨርሱት። ቦሌ ደርሼ አስተካክለዋለሁ ማለት አያዋጣም። ዊቻት ሁላችንም አለን። አሊፔይ የሚባለውን የመክፈያ መተግበሪያም ጫኑና የቪዛ ወይም የማስተር ካርዳችሁን እዚሁ አስገቡ። ካርዱ ውጭ አገር ለኢንተርኔት ክፍያ ክፍት መሆኑን ባንካችሁን ጠይቁ። ከ200 ዩዋን በላይ በአንድ ጊዜ በውጭ ካርድ ስትከፍሉ አሊፔይ ሦስት በመቶ ይጨምራል፤ ከዚያ በታች አይጨምርም። ገጠር ውስጥ አብዛኛው ክፍያ ጥቂት ዩዋን ነው፤ ስለዚህ አይጎዳችሁም። ቢሆንም ጥሬ ገንዘብ ያዙ፣ በዝርዝር፣ አስርና ሃያ ዩዋን። እርከኑ ላይ ድንች ጠብሳ የምትሸጥ አሮጊት መቶ ዩዋን አውጥታችሁ መልስ ስጪኝ ብትሏት ትቸገራለች።

ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ፌስቡክና ጎግል እዚያ ዝግ መሆናቸውን ጓንዡ የረገጠ ሁሉ ያውቃል። ቤተሰብ እንዳይሰጋ ሁሉም ዊቻት ላይ ይግቡ፤ እኔ እናቴን ሳይቀር አስገብቻታለሁ። ለካርታ አማፕ የሚባለውን ጫኑ። የምታድሩበትን ቤት ስም በቻይንኛ ፊደል ስክሪንሾት አንስታችሁ ያዙ። የስልክ መተርጎሚያውን ቻይንኛ ደግሞ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አድርጋችሁ አውርዱት። ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ ሲጠፋ ውለታውን ታውቁታላችሁ።

ባቡሩን 12306 በሚባለው የባቡሩ ድርጅት መተግበሪያ ወይም በትሪፕ ዶት ኮም መግዛት ይቻላል። ሽያጩ የሚከፈተው ከጉዞው 15 ቀን በፊት ነው። ወረቀት ትኬት የለም፤ ፓስፖርታችሁ ራሱ ትኬት ነው። ስለዚህ ስማችሁ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው አንድ ፊደል ሳይዛነፍ ይግባ። ፓስፖርት ያሳደሳችሁ ደግሞ ቁጥሩ እንደሚለወጥ አትርሱ፤ መተግበሪያው ላይ አሮጌው ቁጥር ተቀምጦ እንዳይሆን። በሩ ላይ ማሽኑ ፓስፖርት ካላነበበ ዳር ላይ ሰው ያለበት መስኮት አለ፤ ወደዚያ ሂዱ።

ሰዓቱንም እንደ እኛ አትቁጠሩት። ትኬቱ ላይ 14:20 ካለ ከቀኑ 8:20 ማለት ነው። ቻይና ከእኛ አምስት ሰዓት ትቀድማለች።

አሁን የማዝንበትን ልንገራችሁ፣ እናንተ እንዳትደግሙት። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ለታክሲው «ባቡር ጣቢያ» ብዬ ብቻ ነገርኩት። ጓንዡ ውስጥ ብዙ ትልልቅ ጣቢያዎች አሉ። ያደረሰኝ መሐል ከተማ ካለው ነው። ትኬቴ ደግሞ ከደቡቡ ጣቢያ ነበር። ሻንጣዬን እየጎተትኩ የከተማውን የምድር ውስጥ ባቡር ተሳፈርኩ፤ ስደርስ ባቡሩ ሄዷል። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ግን ፓስፖርቴን አይታ ለዚያው ቀን ለሌላ ባቡር ቀየረችልኝ። ስለዚህ ባቡር ቢያመልጣችሁም በዚያው ቀን ወደ መስኮቱ ሂዱ፤ ተስፋ ቆርጣችሁ ሆቴል አትመለሱ። አራት ቃል ደግሞ በቃላችሁ ያዙ፦ ናን ደቡብ፣ ቤይ ሰሜን፣ ዶንግ ምሥራቅ፣ ሺ ምዕራብ። የምትፈልጉት ጓንዡ ናን ነው። ጣቢያው ግዙፍ ስለሆነ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ባቡሩ ከመነሳቱ ጥቂት ደቂቃ በፊት በሩ ይዘጋል፤ ልመና አይሰማም።

የምትወርዱት ጾንግጂያንግ የሚባል ጣቢያ ነው። በስሙ አትታለሉ። ጣቢያው ከጾንግጂያንግ ከተማ ይልቅ ለዣዎሺንግ ይቀርባል። ከጣቢያው ደጃፍ ሚኒባስ አለ፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። የመንደሩን መግቢያ ትኬት ግዙና ግቡ።

ዣዎሺንግ የዶንግ ብሔረሰብ መንደር ነው። አምስት የከበሮ ማማዎች አሉት። ስማቸው ደግነት፣ ጽድቅ፣ ሥርዓት፣ ጥበብ፣ ታማኝነት ነው። ማማዎቹ ከጥድ ዓይነት እንጨት የተሠሩ ናቸው፤ እንጨት በእንጨት ተሰካክቶ፣ ያለ ሚስማር። ከሥራቸው እሳት የሚነድበት ጉድጓድ አለ። ሽማግሌዎች ዙሪያውን ተቀምጠው ካርታ ይጫወታሉ፣ ይሞቃሉ፣ ነገር ያያሉ። ሞራ የሚባለውን የኮንሶ መንደር መሰብሰቢያ ቤት የሚያውቅ ሰው ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ትንሽ ቁጭ በሉ። እኔ ቁጭ ስል አንዱ ሽማግሌ ምንም ሳይናገር በርጩማውን ወደ እሳቱ አስጠጋልኝ።

ማታ ማታ መዝሙር አለ። የዶንግ ትልቁ ዜማ ይሉታል። መሣሪያ የለው፣ የሚመራው ሰው የለው፤ ድምፁ ብቻ ተከፋፍሎ ይሄዳል። ዩኔስኮ በፈረንጆቹ 2009 መዝግቦታል። ለቱሪስት የሚቀርበውን ትርኢት እዩ፣ ጥሩ ነው። ግን ወደ ማደሪያችሁ ስትመለሱ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ። እኔ ከትርኢቱ ይልቅ የማስታውሰው ሰሃን እያጠቡ የሚዘፍኑ ሁለት ሴቶችን ነው።

ጨርቁን በተመለከተ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ሙያዬ ስለሆነ።

ጠዋት የምትነቁት በድም ድምታ ነው። ሴቶቹ ጥጡን ራሳቸው ይሸምናሉ። ከዚያ ኢንዲጎ ከሚባለው ተክል በሚያወጡት ቀለም ይነክሩታል። አንዴ አይደለም፤ ነክሮ ማድረቅ፣ ነክሮ ማድረቅ፣ ለብዙ ቀን። ከዚያ አጣጥፈው ድንጋይ ላይ አስቀምጠው በእንጨት መዶሻ ይደበድቡታል። የእንቁላል ነጩንም ይቀቡታል። መጨረሻ ላይ ጨርቁ እንደ ቆዳ ያብረቀርቃል። ፀሐይ ላይ ስትይዙት ጥቁር ሰማያዊው ውስጥ ቀይ ቀለም ይታያል፤ አዲስ የመዳብ ሳንቲም ዓይነት። በሕይወቴ ብዙ ሺህ ሜትር ጨርቅ ነክቻለሁ፤ እንደዚህ ያለ ግን በእጄ ይዤ አላውቅም።

ለመግዛት ካሰባችሁ ወርዱን እዩ። የእጅ ሽመና ወርዱ ጠባብ ነው፤ ከክንድ ያንሳል። እንደ ሽሮ ሜዳ ሸማ ቁራጩ ተጋጥሞ ነው የሚሰፋው። ወርዱ ሰፊ ሆኖ መጋጠሚያ ከሌለው ከፋብሪካ የመጣ ነው። ገልብጣችሁም ጀርባውን እዩ። የታተመ ከሆነ ጀርባው ይደበዝዛል፤ የተነከረ ከሆነ ሁለቱም ፊት አንድ ነው። ጣታችሁን አርጥባችሁ እሹት፤ ትንሽ ሰማያዊ ከለቀቀ አትደንግጡ፣ የእውነተኛ ኢንዲጎ ጠባይ ነው። ሻንጣ ውስጥ ግን በላስቲክ ጠቅልሉት፤ የነጭ ልብስ ጠላት ነው።

ዋጋ ላይ ደግሞ አደራ። ጓንዡ ላይ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም እንከራከራለን፤ ሥራችን ነው። እዚህ ግን የምትሸጥላችሁ ሴት የወራት ጉልበቷን ነው የያዘችው። አንዴ ጠይቁ፣ በመጠኑ ቀንሱ፣ ከፍላችሁ ውሰዱ። ከሠሪዋ እጅ ግዙ፣ ከዋናው መንገድ ሱቅ ሳይሆን።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ወደ ታንግአን ውጡ። ከዣዎሺንግ በላይ ተራራው ወገብ ላይ ያለች ትንሽ መንደር ናት። በመኪና ወጥታችሁ በእግር መውረድ ነው የሚሻለው። መንገዱ በሩዝ እርከን መሐል ያልፋል፤ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት። ድንጋዩ ጭቃ ሲነካው ያንሸራትታል። ከመርካቶ የተገዛ ስኒከር አይሆንም፤ ሶሉ ጥርስ ያለው ጫማ ያስፈልጋል።

በአራተኛው ቀን በባቡር ወደ ጉይሊን ውረዱ። ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ነው። ጊዜ የተረፈው ሰው መሐል ላይ ሳንጂያንግ ወርዶ የቼንግያንግን የነፋስና ዝናብ ድልድይ ሊያይ ይችላል፤ ጣሪያ ያለው፣ ሰው የሚያርፍበት የእንጨት ድልድይ ነው። ከጉይሊን ወደ ሎንግጂ በአውቶቡስ ወይም በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሁለት ዋና መንደር አለ። ፒንግአን የዧንግ ብሔረሰብ ነው፤ ይቀርባል፣ ሰውም ይበዛበታል። ዳዣይ የያዎ ነው፤ ሰፋ ይላል፣ ረጋ ይላል። እኔ ዳዣይን እላለሁ። ከቻላችሁ ታች ሳይሆን ከበላዩ ባለው ቲያንቶ እደሩ። ጎህ ሲቀድ ደጃፋችሁ ላይ ቆማችሁ ጉሙ ከእርከኑ ላይ ሲነሳ ታያላችሁ።

መኪና መንደሩ ውስጥ አይገባም። በሩ ላይ የያዎ ሴቶች ቅርጫት በጀርባቸው አዝለው ይጠብቃሉ፤ ሻንጣ ተሸካሚዎች ናቸው። ዋጋውን ቀድማችሁ ተስማሙ። እኔ መጀመሪያ ከእኔ የምትበልጥ ሴት ዕቃዬን ስታነሳ ልቤ እምቢ አለኝ። ተርጓሚውን ከፍቼ «ይከብድሻል» አልኳት። «ይህ እኮ የዕለት ገቢዬ ነው» ብላ መለሰችልኝ። ስለዚህ ትልቁን ሻንጣ ጓንዡ ሆቴል አስቀምጡ፣ ትንሽ ቦርሳ ይዛችሁ ውጡ፣ እሷንም ለሴቶቹ ስጡ።

ሎንግጂ ላይ እርከን መሥራት ከተጀመረ ከ600 ዓመት በላይ ሆኖታል። ከፍታው ከአዲስ አበባ ያንሳል፤ ትንፋሽ አያሳጥርም። ደረጃው ግን ጉልበት ይፈትናል።

ዝናብ ከያዛችሁ አትበሳጩ። እኔ ዝናብ ይዞኝ ነው ዮውቻ የጠጣሁት፤ የዘይት ሻይ ማለት ነው። ያረፍኩበት ቤት እመቤት ብረት ድስት እሳት ላይ ጣደች። የሻይ ቅጠልና ዝንጅብል በዘይት ጠበሰች። እዚያው ድስቱ ውስጥ በእንጨት መቀጥቀጫ ወቀጠችው። ውሃ ጨመረች፣ አፈላች፣ አጠለለች። ትንንሽ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ እንደ ፈንዲሻ የፈነዳ ሩዝና ኦቾሎኒ አድርጋ ከላይ አፈሰሰችበት። የመጀመሪያው መራራ ነው። ልነሳ ስል እጄን ያዘች፤ ሁለተኛ አለ፣ ሦስተኛም አለ። ሦስተኛው ጣፈጠኝ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ የምናውቅ ሰዎች ነንና አንዱን ጠጥታችሁ አትነሱ።

ምግብ ላይ ችግር የለም፣ ቃሉን ካወቃችሁ። የአሳማ ሥጋ በሁሉም ነገር ውስጥ ይገባል፤ ዘይቱም የአሳማ ስብ ሊሆን ይችላል። ያ ዮውቻም ቢሆን ከመጠበሱ በፊት ጠይቄ በአትክልት ዘይት ነው የተሠራልኝ። «ቡ ያዎ ዡ ሮው» ማለት የአሳማ ሥጋ አልፈልግም ነው። ለጿሚ ደግሞ «ዎ ቺ ሱ» በሉ፤ ሥጋ አልበላም ማለት ነው። የቡድሃ ጿሚዎች ስላሉ ያውቁታል። እንቁላሉን ግን ለይታችሁ ንገሩ። ሙስሊም ወገኖቼ «ቺንግዠን» የሚል ምልክት ያለበትን ቤት ፈልጉ፤ ከተማ ውስጥ የላንዡ ኑድል ቤቶች አሉ፣ መንደሮቹ ውስጥ ግን ብርቅ ነው፣ ስለዚህ ስንቅ ያዙ። የዶንግ ሰዎች የሚያጣብቅ ሩዝ በእጃቸው ጠቅልለው ይበላሉ። እኔም እጄን ታጥቤ ስቀርብ ማንኪያ ያመጣችልኝ ልጅ ሳቀችና መለሰችው። የጉይዡ ምግብ ያቃጥላል፤ በርበሬ አትሸከሙ።

ማደሪያ ስትይዙ አንድ ጥያቄ አስቀድማችሁ በቻይንኛ ላኩ፦ «የውጭ አገር ፓስፖርት ትመዘግባላችሁ?» የውጭ ዜጋ በደረሰ በ24 ሰዓት ውስጥ ፖሊስ ዘንድ መመዝገብ አለበት፤ ይህን የሚሠራው ማደሪያው ነው። አንዳንድ ትንንሽ ቤቶች አሠራሩን ስለማያውቁት በር ላይ ይመልሳሉ። እኔን አንዱ ቤት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ መልሶኛል፣ በዝናብ። ሌላ ቤት ያገኘሁት ጎረቤቷ ሴትዮ እየመራችኝ ነው። መጸዳጃ ቤት የሚቀመጡበት ላይሆን ይችላል፤ ሶፍት ከቦርሳችሁ አይጥፋ።

ሰው ያያችኋል። ሹሩባዬን የነኩኝ እናቶች አሉ። «አይሳይኤቢያ» በሏቸው፤ ኢትዮጵያ ማለት ነው። የያዎ ሴቶች ራሳቸው ፀጉራቸው መሬት ሊነካ የሚደርስ ነው፣ በሩዝ ውሃ ነው የሚያጥቡት። እኔ የእነሱን ጠየቅኩ፣ እነሱ የእኔን ጠየቁ። ካልፈለጋችሁ ፈገግ ብላችሁ እጅ ማወዛወዝ ይበቃል፤ ይገባቸዋል።

በስድስተኛው ቀን በማለዳ ተነሱ። ጉይሊን ሦስት ጣቢያ አላት፤ ትኬታችሁን ዳግም አንብቡ። ማታ ጓንዡ ትደርሳላችሁ። ጨርቁን የምትረከቡት በማግስቱ በቀን ብርሃን ይሁን፤ ቀለም በአምፖል አይታይም።

ጓደኛዬ ትኬቷን ለመስከረም መጨረሻ ቆርጣለች። ጫማውን ገና አልገዛችም።